እንጨት አለው ተብሎ የሚራበው ዓሣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በቤተሰብ ገጻችሁ ላይ ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ውሃው በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቀየር የሚለው፣ ዓሣ አይጨናነቅ የሚለው፣ ሁሉም ልክ ነው። አንዲት አረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። መስታወት ላይ ተለጥፈው የሚውሉት ዓሦች እንጨት በል ናቸው፤ ጉቶ ካልገባላቸው ይሞታሉ፤ ከገባላቸው ደግሞ ሌላ መኖ እምብዛም አይፈልጉም ትላለች። ይህን ወሬ ከሻጮች አፍ ዘወትር እሰማዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ሰው ያምነዋል። ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ።

ሥራዬ አኳሪየም መግጠምና ማጽዳት ነው። ባልዲና ቱቦ ይዤ ከሆቴል ሆቴል፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ እዞራለሁ። ሬስቶራንት ውስጥ ያለ አኳሪየም ስከፍት የማላገኘው ነገር የለም። እንጀራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንዳንዴም የጥርስ መፋቂያ ስንጥር። ደንበኛ ዓሣ ማብላት ይወዳል። ወርቅማዎቹ ጎልድ ፊሾች ተሻምተው ይበላሉ። ያ ጥቁሩ፣ ሸካራ ቆዳ ያለው፣ ከታች የሚኖረው ዓሣ ግን ማንም አይጥልለትም። «እሱ አጽጂ ነው፤ የሌሎቹን ትራፊና እንጨቱን ይበላል» ይባልለታል።

መጀመሪያ እንተዋወቀው። በየዓለሙ ያሉ አኳሪየም ወዳጆች ፕሌኮ ይሉታል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከእኛው አምባዛ ጋር በሩቁ ይዛመዳል። አፉ ከሥር ነው፤ እንደፈለገው ይለጠፍበታል። ቤተሰቡ እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ሳይንሳዊ ስም ያልወጣላቸውን ለመለየት አንድ የጀርመን የአኳሪየም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988 በኤል ፊደልና በቁጥር መጥራት ጀመረ። እስከ ዛሬ ሻጮች «ኤል 190» እያሉ የሚጽፉት ከዚያ የመጣ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ እውነተኛ እንጨት በል የሚባሉት ጥቂቶች ናቸው። ፓናኬ የሚባሉት አሉ፤ ፓናኮለስ የሚባሉ ትንንሽ ዘመዶቻቸው አሉ፤ ሂፖስቶመስ ከሚባሉት ደግሞ አንድ ወገን አለ። በዋናነት እነዚህ ናቸው። እኔ በየቤቱ የማገኘው ግን እነዚህን አይደለም። ወይ ቴሪጎፕሊክቲስ የሚባለው፣ ሲገዛ የጣት ያህል ሆኖ ኋላ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያድገው ነው፤ ወይ ደግሞ አፍንጫው ላይ ፂም የሚያበቅለው ትንሹ አንሲስትረስ። ሁለቱም እንጨት ላይ ይለጠፋሉ። ሁለቱም ይፍቁታል። የሚፈልጉት ግን ላዩ ላይ የበቀለውን አልጌና የሚያሟልጨውን ነገር ነው። እንጨት ባይኖር ድንጋዩንና መስታወቱን ይፍቃሉ። አንሲስትረስ ያለ አንዳች ጉቶ አድጎ፣ ሸክላ ቱቦ ውስጥ እንቁላል ጥሎ፣ ወንዱ ጠብቆ ሲፈለፍል በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ «ያለ እንጨት ይሞታል» የሚለው ለአብዛኞቹ አንባቢዎቻችሁ ዓሣ አይሠራም። የባሰው ግን ሁለተኛው ነው፤ እንጨት ካለው መኖ አይፈልግም የሚለው።

አንድ የጥርስ ክሊኒክ አለ፤ ስሙን ትቼዋለሁ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። ዓሣዎቹን ይወዳል። ትልቅ የተጠማዘዘ ሥር ከሆነ ቦታ አስመጥቶ መሐል ላይ አቆመላቸው። ከዚያ ወዲህ ለሁለቱ ፕሌኮዎች ምንም አይጣልም። ፊልተሩን ላጥብ ስሄድ አንደኛው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ይህ ዓሣ ሲለጠፍ ጥሩ ነገር አለው፤ ሆዱን ያሳያችኋል። ጤነኛ ሲሆን ሆዱ ሜዳ ነው፣ ወይም ትንሽ ሞላ ይላል። የዚህ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። ከፊት ክንፎቹ ጀርባ ጎድጉዶ ጥላ ሠርቷል። ዓይኑም ሰርጉዷል። ጭንቅላቱ ብቻ ትልቅ ሆኖ ከኋላው የቀረው ቆዳና አጥንት ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ ዓሣ ርቦታል» አልኩት።

«ጋሼ፣ ኧረ ሲበላ ነው የሚያድረው! ይኸው ሰጋቱራው» ብሎ ከሥር ያለውን አሳየኝ። እውነቱን ነው። አሸዋው ላይ ቡናማ፣ ቀጫጭን ክር የመሰለ ኩስ ተከምሯል። በጣት ሲፈተት የእንጨት ብናኝ ነው።

«ዶክተር፣ በአፉ የገባው ሁሉ በሌላው በኩል ሰጋቱራ ሆኖ ከወጣ፣ ለእሱ ምን ቀረለት?» አልኩት። ሳቀ። ግን ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ተቀባይዋ ማታ ከመውጣቷ በፊት መብራቱን አጥፍታ ቁራጭ ዝኩኒ ትጥልላቸዋለች። አንደኛው አገገመ። ሁለተኛው ዘግይቶበት ነበርና አልተረፈም።

አሁን ወደ እውነተኞቹ እንጨት በሎች ልመለስ፤ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ከባዶ አልተነሳም። ታናሽ ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እሱ ጋ ያለው ሮያል ፕሌኮ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፓናኬ ኒግሮሊኒያተስ። አገሩ የኦሪኖኮ ወንዝ፣ ቬኔዙዌላና ኮሎምቢያ። ግራጫ መሬት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር፣ ቀይ ዓይን፣ ግርማ ሞገስ። ወንድሜ «ጃንሆይ» ብሎታል። ማታ ከሥራ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ የሚጠብቀው ድምፅ ነው። ቪዲዮ ልኮልኝ ሰምቼዋለሁ። ክርር… ክርር… ይላል። መስታወቱን አልፎ ይሰማል። ጠዋት ጉቶው ላይ ነጭ ነጭ ጭረት ተሠርቶ ይገኛል። እንጨቱ ቀስ በቀስ እያነሰ ነው፤ ሌላ መግዛት አለበት።

የጥርሱ ነገር ይገርማል። አንሲስትረስ ብዙ፣ ፀጉር መሳይ፣ ቀጫጭን ጥርስ ነው ያለው፤ ለመጥረግ ይሆናል። ፓናኬ ግን ጥርሶቹ ጥቂት፣ ወፍራምና ጫፋቸው ማንኪያ መሳይ ነው። እንጨት ይቦረቡራል። ሲያልቅበትም አዲስ ይበቅልለታል። አንድ ዓሣ እንጨት በል ነው ሲሏችሁ ከመከራከር በፊት አፉን እዩ። የእኛ የጥርስ ሐኪም ይህን ስነግረው ከታካሚዎቹ ይልቅ ለዓሣው ተመሰጠ።

ታዲያ ጃንሆይ እንጨቱን ይፈጨዋል ወይ? ሳይንቲስቶችም እዚህ ላይ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው ሜሪላንድ፣ ታውሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄይ ኔልሰንና ባልደረቦቹ የፓናኬን አንጀት መርምረው ሴሉሎስን፣ ማለትም የእንጨትን ዋና አካል፣ የሚሰባብሩ ባክቴሪያዎችና መፍጫ ኢንዛይሞች አገኙ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጋናዊው ዳንኤል ዉባህ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ «በቃ፣ ዓሣው በሆዱ ምስጥ ነው» አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ዶኖቫን ጀርማን የሚባል ተመራማሪ ከፔሩ የመጡ እንጨት በል ዓሦችን ይዞ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ፈተሸው። ያገኘው ሌላ ነው። የበሉት እንጨት ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንጀታቸውን አልፎ ይወጣል። የሚያመሰኳ ከብት እኮ ገለባውን ከአንድ ቀን በላይ በሆዱ ይዞ ነው የሚያብላላው። ምስጥም ቢሆን የሚያቦካበት ክፍል አለው። በእነዚህ ዓሦች አንጀት ውስጥ ግን ያን ያህል የሚብላላ ነገር አልተገኘም፤ ሴሉሎስን የሚሰባብረው ኢንዛይምም ትንሽ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንጨት ብቻ የበሉትም ክብደት ቀነሱ።

ይህን የመጨረሻውን ድገሙልኝ። እውነተኛው እንጨት በል፣ እንጨት ብቻ ሲሰጠው ከሳ።

እንግዲህ ምን ይበላል? የጀርማን መልስ፣ የበሰበሰውን ይበላል የሚል ነው። ወንዝ ውስጥ የወደቀ ግንድ ባዶ እንጨት አይደለም። ፈንገስ ገብቶበታል፣ ባክቴሪያ ገብቶበታል፣ እነሱ ሰባብረው ያወጡት ስኳር መሳይ ነገር በውስጡ አለ። ዓሣው ያንን ለማግኘት ሲል እንጨቱን ጨምሮ ይውጣል፣ የሚጠቅመውን ቶሎ ወስዶ ቀሪውን ይለቃል። ብዙ መብላት ያለበትም ለዚህ ነው። ነገሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዚያው የሜሪላንድ አካባቢ ተመራማሪዎች በሮያል ፕሌኮ አንጀት ውስጥ ናይትሮጅንን ለሰውነት በሚጠቅም መልክ መያዝ የሚችሉ ባክቴሪያዎች እንዳሉ አሳዩ። እንጨት ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ የሚያዋጡት ነገር ይኖራል። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ግን ሁለቱም ወገን «ጉቶ አስገቡና መኖ ተዉ» አላሉም።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ፓናኬ ወይም ፓናኮለስ ያለው ሰው ጉቶ ያስገባለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲቦረቡር የሚያድር እንስሳ ባዶ መስታወት ውስጥ ማኖር ግፍ ነው። ጥርሱም አፉም የተሠሩት ለዚያ ነው። ያለ እንጨት ወዲያው ይሞታል የሚል ማስረጃ ግን አላየሁም፤ ለእንጨቱ የምሟገተው ለኑሮው ብዬ ነው። ከጉቶው ጋር ግን በየማታው የሚበላ ነገር ይጣልለት። ወንድሜ ለጃንሆይ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ፎሶሊያ ይሰጠዋል፤ አልፎ አልፎም የሚሰምጠውን ክብ መኖ። ሥጋ ነገር አያበዛበትም። አንሲስትረስ ወይም ትልቁ ፕሌኮ ያለው ደግሞ ጉቶ ቢያስገባ ደስ ይላል፤ መደበቂያ ይሆናል፤ የሚፋቅ ነገርም ያበቅላል። ባያስገባ ግን ዓሣው አይሞትም። ዝኩኒ ባያስገባ ነው የሚሞተው።

ዝኩኒው አይከብድም። ወፈር አድርጎ ቆርጦ፣ ለአፍታ በፈላ ውሃ ማለስለስ፣ ከዚያ አሮጌ ሹካ ሰክቶበት ማስመጥ። መብራት ጠፍቶ ሲጨልም ነው የሚመጡት። ጠዋት የተረፈውን አውጡ፤ ካደረ ውሃውን ያበላሸዋል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ጽሑፋችሁ ዝም ማለቱ ነው ሌላው ያሳሰበኝ። አንባቢ «ግዴታ ነው» ከተባለ ግቢው ውስጥ ያገኘውን ቆርጦ ይከታል። ጥድ የከተተ አይቻለሁ። ጥድ ዘይት አለው፤ ያ ደስ የሚለን ሽታው ለዓሣ አይሆንም። ባህር ዛፍም እንደዚያው። እርጥብ የተቆረጠ ምንም ዓይነት እንጨት አላስገባም። አንዱ ደግሞ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አስገብቶ ሙጫው ተላቆ ውሃው ላይ ተንሳፎ አገኘሁት። ከከተማው ወንዞች ዳር የተለቀመ ግንድም ይቅርባችሁ፤ እዚያ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚፈስ ታውቃላችሁ። የሚሆነው ጠንካራ፣ ከሞተ የቆየ፣ በደንብ የደረቀ፣ ልጡ የተላጠ፣ ሙጫ የሌለው ነው። ቀቅሉት። ከዚያ ባልዲ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ ውሃ እየቀየራችሁ ዘፍዝፉት፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ውሃውን የቀጠነ ሻይ ያስመስለዋል። አትደንግጡ፤ ዓሣውን አይጎዳውም፤ የትውልድ ወንዙም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ከገባ በኋላ ነጭ ሻጋታ ቢያወጣም አትጣሉት። ፕሌኮው ራሱ ይጨርሰዋል። ሰዎች ያን ነጭ ነገር በብሩሽ ፈግፍገው ሲያጥቡት ሳይ ሆዴ ይቃጠላል፤ ምሳውን እኮ ነው የደፉበት!

አንድ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ልጨምር፤ የውጭ መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ያለ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ተመሳሳይ ውሃ በሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ፕሌኮዎች ደግሞ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ፊልተሩ የውሃውን ላይ በደንብ ያናውጠው። መብራት ሲጠፋ ፊልተርም ሂተርም አብረው ይቆማሉ፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያላችሁ ያኔ ትድናላችሁ። ዓሣው ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ እየተወረወረ አየር ጎርሶ ከተመለሰ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ዓሦች አየር ውጠው በጨጓራቸው መተንፈስ ይችላሉ፤ ሲደጋግሙት ግን የውሃው ኦክስጅን አንሷቸዋል ማለት ነው። ትልቅ የበሰበሰ ጉቶ በጠባብ አኳሪየም ውስጥ ይህን ያባብሰዋል፤ መበስበስም ኦክስጅን ይበላልና። ለጣት ዓሣ የሰው ጭን የሚያህል ግንድ የምትገዙ ልብ በሉ።

በነገራችን ላይ፣ ያ ጣት የሚያህለው አድጎ አላስቀምጥ ሲላችሁ ወስዳችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳትለቁት። ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ውስጥ የተለቀቁት ተራብተው ዳርቻውን ጉድጓድ በጉድጓድ አድርገውታል። የሐዋሳን ቆሮሶ ለዚህ አንዳርገው። ደውሉልኝ ብዬ ስልኬን እዚህ አልጽፍም፤ ሻጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይቀበላል።

እናም እባካችሁ ያችን አረፍተ ነገር አስተካክሉልኝ። ፕሌኮ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሻጩን የዓሣውን ሙሉ ስም ይጠይቅ፤ አድጎ ምን ያህል እንደሚሆን ይጠይቅ፤ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ሆዱን አይቶ ይግዛ። ሆዱ የጎደጎደውን ርካሽ ነው ብሎ አይውሰድ። ገንዘቡ ካጠረው ደግሞ ጉቶው እስከ ደመወዝ ይቆይ፤ ዝኩኒው ግን ዛሬውኑ ይገዛ።

ከአክብሮት ጋር፣
አኳሪየም ጠጋኙ፣ ከገርጂ
አዲስ አበባ